ከስኳር ሕመም ጋር በባሕር ዳር፦ ምርመራን፣ እንጀራንና መድኃኒትን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪም ዘንድ ሲወጣ በእጁ የያዘው አንድ ማዘዣ ቢሆንም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠብቁት ውሳኔዎች ብዙ ናቸው። መለኪያ ማሽን ይግዛ ወይስ በየቀጠሮው እየተለካ ይቆይ? የጤፍ እንጀራን ይተው ወይስ መጠኑን ይቀንስ? ክኒኑ ሁለት ዓይነት ቢሆንና ምርጫ ቢሰጠው የቱን ይቀበል? ጾም ሲገባስ? ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከኪሳቸውና ከገበታቸው ጋር አገናዝበው መወሰን ለሚፈልጉ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነው።

አማራጮቹን የማመዛዝነው በሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ይሠራል፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል ወይ፣ ስሕተት ሲፈጠርስ ምን ያህል ይጎዳል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ ግን ለሦስተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም ምሳ የሚዘገይበት፣ ቀጠሮ የሚያልፍበት ወይም መድኃኒቱ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያን ቀን ሰውየውን አደጋ ላይ የማይጥል ምርጫ፣ በደህናው ቀን ውጤቱ በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ ይመረጣል።

አስቀድሞ መለየት ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ስለሚያቆም ኢንሱሊን አማራጭ የለውም፤ ከዚህ በታች በክኒንና በመርፌ መካከል የሚደረገው ንጽጽር ዓይነት 1ን አይመለከትም። በሌላ በኩል ከጣና በስተሰሜን በጎንደር ዙሪያ ገጠር የሚሠሩ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት እንደዘገቡት፣ በአካባቢያችን ስኳር የሚገኝባቸው ሰዎች ሁሉ ወፍራሞች አይደሉም፤ በልጅነታቸው በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎችም ይገኙባቸዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም በ2025 እ.ኤ.አ. ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ቀጭን የሆነና ክብደቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው «የወፍራሞች በሽታ ነው» በሚል ምርመራውን ማዘግየት የለበትም፤ ስኳር ከተገኘበትም ለጎረቤቱ የታዘዘውን ክኒን በራሱ ከመጀመር ይልቅ ዓይነቱ በሐኪም እንዲለይለት ማድረግ አለበት።

ምርመራ፦ የጾም ስኳር፣ የሦስት ወር አማካይ ወይስ የጣት መለኪያ

የጾም ስኳር ርካሹና በጤና ጣቢያ ደረጃ በቀላሉ የሚገኘው ምርመራ ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ የተወሰደ ደም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ፣ የስኳር ሕመም ነው ይባላል። ከ100 እስከ 125 ያለው በአሜሪካውያኑ መመዘኛ ቅድመ ስኳር የሚባለው ደረጃ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን መነሻውን 110 ያደርገዋል። ደካማ ጎኑ የዚያን ጠዋት ብቻ መናገሩ ነው፤ ቀጠሮው ሲቃረብ ለሁለት ሦስት ቀን ምግቡን ያጠበቀ ሰው ጥሩ ቁጥር ይዞ ሊመለስና ሐኪሙም በዚያው ሊሸወድ ይችላል።

ኤ ዋን ሲ ወይም በተለምዶ «የሦስት ወር» የሚባለው ምርመራ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሚለካ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት በአንድ ቁጥር ያሳያል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ነው፤ በሕክምና ላይ ላሉ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። መጾም አይጠይቅም፣ በሁለት ቀን ጥንቃቄም አይታለልም። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ምርመራው የተመሠረተው በቀይ ሕዋስ ዕድሜ ላይ ስለሆነ፣ በቅርቡ ወባ ታሞ ደሙ የፈረሰ ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በብረት እጥረት ደሙ ያነሰ ሰው ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይበት ይችላል። ወባ በቅርቡ የያዘው ሰው ይህን ለባለሙያው ሳይናገር ኤ ዋን ሲ ቢያሠራ ገንዘቡን ለተሳሳተ ቁጥር ይከፍላል።

ከሁለቱ የቱ ይመረጥ ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ ሕመሙን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ የተሠራ የጾም ስኳር በቂ ነው፤ ለክትትል ግን ገንዘቡ ከተገኘ ኤ ዋን ሲ ይቅደም። መድኃኒት በተጀመረ ወይም በተቀየረ ጊዜ በየሦስት ወሩ፣ ሁኔታው ከተረጋጋ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሠራ ይበቃል።

የቤት መለኪያ ማሽን ለሁሉም እኩል አያስፈልግም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል ማሽኑ ይገባዋል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን በወር ጥቂት ጊዜ ቢለካ በቂ በመሆኑ ያንን ገንዘብ ለኤ ዋን ሲ ቢያውለው ይሻለዋል። ማሽን ሲገዛ ዋጋ ማወዳደር ያለብን በስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ በምትነካው ትንሽ መለኪያ ቁራጭ፣ ነው፤ ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ስትሪፑ ግን ሁልጊዜ ነው፣ የአንዱ ስትሪፕም ለሌላው አይሆንም። ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ቆንጆ ማሽን፣ ስትሪፑ እዚህ ስለማይገኝ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ፋርማሲ ገብቶ ስትሪፑ ሁልጊዜ እንደሚኖር መጠየቅና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ማየት ይገባል። የስትሪፑ ብልቃጥ ክዳን እርጥበት የሚከላከል ነገር ስላለው፣ አንዱን አውጥቶ ወዲያው ጠቅ እስኪል መክደን እንጂ ስትሪፖቹን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ አይገባም፤ በክረምት ክፍቱን ያደረ ብልቃጥ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። ጣትም በውኃና በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ማንጎ ልጣ ጣቷን ሳትታጠብ የተለካች ሴት የምታነበው የማንጎውን ስኳር ጨምሮ ነው።

እንጀራ፦ ጤፍ፣ የሩዝ ቅይጥ ወይስ ዳጉሳ

ስኳር እንደተገኘበት ሰምቶ እንጀራን በፉርኖ ዳቦ የሚተካ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ በአብዛኛው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ገለባው ተለይቶ ሊወጣለት አይችልም፤ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ የሚፈጨው ከነሙሉ አካሉ ነው። የፉርኖ ዱቄት ግን ውጪኛው ክፍሉና ፋይበሩ ተነሥቶለት ስለሚመጣ ስታርቹ ፈጥኖ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። በነጭና በቀይ ጤፍ መካከል ደግሞ ለስኳር ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል ልዩነት የለም።

ትክክለኛው የባሕር ዳር ጥያቄ ቅይጡ ላይ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ከፎገራ ሜዳ የሚወጣው ሩዝ የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ ይጋገራል፤ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራም ሆነ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ሩዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ለኪስ ይጠቅማል፣ እንጀራውንም ነጭ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ የተፈተገ ሩዝ ፋይበሩ ስለወጣለት የሩዙ ድርሻ በጨመረ መጠን እንጀራው ስኳርን ፈጥኖ የሚያወጣ ይሆናል። ዳጉሳ ግን ከነቅርፊቱ ይፈጫል፣ ፋይበሩም ይቆያል፤ በምዕራብ ጎጃም የሚበቅል በመሆኑ እንግዳ እህል አይደለም። እንጀራውን ያጠቁረዋል በሚል ለእንግዳ የማይቀርብ ተደርጎ መቆጠሩ ይገርመኛል፤ ስኳር ላለበት ቤት ግን፣ ጤፉን በሌላ እህል ማብዛት ግድ ከሆነ፣ ከሩዝ ዳጉሳን እመርጣለሁ። የተጋገረ እንጀራ የሚገዛ ሰው ሻጭዋን «ሩዝ ስንት እጁ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

እህሉን ከመለወጥ ይልቅ ግን መጠኑን መቀነስ የበለጠ ይሠራል። ንጹሕ የጤፍ እንጀራም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሁለት ሙሉ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው አንድ የሩዝ ቅይጥ ከሚበላው ስኳሩ ከፍ ቢልበት ሊደነቅ አይገባም። ችግሩ ማዕዳችን የጋራ መሆኑ ነው፤ ከአንድ ገበታ እየቆረሱ ሲበሉ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። መፍትሔው ከሰው መለየት ሳይሆን፣ መብላት ሳይጀመር የራስን ድርሻ፣ ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ፣ ቆርጦ በራስ በኩል አስቀምጦ ያንኑ መብላት፣ ሲያልቅም ከወጡ እንጂ ከእንጀራው አለመጨመር ነው። ጉርሻም ከዚያው ድርሻ ይቆጠራል። ሽሮ፣ ምስርና ክክ ከእንጀራው ጋር ሲበሉ የስኳሩን አወጣጥ ያዘገያሉ፤ ጎመንና ሰላጣ ሆድን ይሞላሉ። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ የሆነ ገበታ ጥሩ መለኪያ ነው።

ዓሣን በተመለከተ ንጽጽሩ በዓሣው ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ቆሮሶም አምባዛም ራሳቸው ስኳር አይጨምሩም፤ በዱቄት ተለውሶ በዘይት የተጠበሰውና ከዳቦ ጋር የሚቀርበው ግን ስኳሩንም ቅባቱንም ይዞ ይመጣል። ጉላሽ ወይም በእሳት የተጠበሰ ከሆነ፣ በሐይቁ ዳር መኖር ለስኳር ሕመምተኛ ከሰጣቸው ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ነው።

መጠጥ ላይ ረጅም ንጽጽር አያስፈልግም። አንድ 300 ሚሊሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። አቦል፣ ቶናና በረካን በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በአንድ ሥነ ሥርዓት ስድስት ማንኪያ ወስዷል፤ ቡናው ራሱ ግን አይከለከልም። ማር ስኳር ነው። የማንጎ ጭማቂ ከማንጎው የባሰ ነው፤ ብዙ ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ስለሚገባና ፋይበሩ ስለሚፈጭ። አረቄና ጠላ በባዶ ሆድ ሲጠጡ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ በሚወስድ ሰው ላይ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ።

ማሽን ያለው ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ገላ ላይ ሊያረጋግጥ ይችላል። አንድ ቀን ምሳ ከመብላቱ በፊትና መብላት ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ፤ በሌላ ቀን ያንኑ ወጥ፣ ያንኑ የእንጀራ መጠን፣ እህሉን ብቻ ለውጦ ይድገም። አራት ስትሪፕ ነው የሚፈጀው። ሆኖም የቤት ማሽን እስከ 15 በመቶ ያህል ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ እንደሚችል በደረጃው የተፈቀደ ስለሆነ፣ 170 እና 180 ልዩነት አይባልም፤ 160 እና 230 ግን ይባላል።

ክኒን፦ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላሚድና አዲሶቹ

ሜትፎርሚን ጉበት የሚያመነጨውን ስኳር ይቀንሳል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም፤ ክብደትም አይጨምርም። ኤ ዋን ሲን ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ብዙዎችን የሚያስተወው ሆድ ማስቀመጡ፣ ማቅለሽለሹና መንፋቱ ነው፤ ይህም በአብዛኛው መጠኑ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲል የሚመጣ ነው። በ500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ቢጨመር ብዙ ሰው ይለምደዋል። ሆዴን አመመኝ ብሎ ከማቆም በፊት መጠኑን በሐኪም ማስቀነስ ይገባል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን ሊወስደው አይገባም፤ ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ ቀድሞ መሠራት አለበት።

ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ርካሽ ነው፣ ስኳርንም ፈጥኖ ያወርዳል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ምግብ ቢበላም ባይበላም ማውረዱን አይተውም፣ ኃይሉም እስከ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክኒኑን ውጦ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ራሱን ለአደጋ አጋልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች እንዳይሰጥ ይመክራል። ከዚሁ ቤተሰብ ግሊክላዚድ ይህ አደጋው አነስ ያለ ነው፤ ከተገኘ ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች እርሱ ይመረጥ።

በሦስቱ መመዘኛዎች ሲታይ ሜትፎርሚን ለአብዛኛው ሰው መጀመሪያ ነው፤ ሁለተኛ ክኒን ሲያስፈልግ ብቻ ስለ ግሊቤንክላሚድ ወይም ግሊክላዚድ ይነጋገሩ። ልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም አብሮ ካለ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት አዳዲስ ክኒኖች ከስኳር ባሻገር ጥቅም ስላላቸው ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዋጋቸውን ለዓመታት መቻል መቻልዎን ግን አስቀድመው ያስቡ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወራላቸው የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ውጤታማ መሆናቸው እውነት ነው፤ በሻንጣ መጥቶ ስንት ቀን ከቅዝቃዜ ውጭ እንደቆየ የማይታወቅን መርፌ መግዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሜትፎርሚንን ለዓመታት የሚወስድና አጽዋማትን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ ቫይታሚን ቢ12ን በአንጀት መመጠጥን ይቀንሳል፤ የጾም ምግብ ደግሞ ቢ12 የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነውና። እጥረቱ እግርን ማደንዘዝና መለብለብ ስለሚያስከትል «ስኳሩ ነርቬን ጎዳው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስሜት ያለው ጾመኛ ቢ12ን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

ኢንሱሊን፦ የቱ ዓይነት፣ የትስ ይቀመጥ

ኢንሱሊን ታዘዘ ማለት ሕመሙ መጨረሻ ደረጃ ደረሰ ማለት አይደለም። ደመናማው ኤንፒኤች፣ አንዳንዶች እስካሁን በሌላ የድሮ ኢንሱሊን ስም ሌንቴ የሚሉት፣ ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ይበረታል። ጥርት ያለው ሬጉላር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ለምግብም ነው። 70/30 የሚባለው ቅይጥ ሁለቱንም በአንድ መርፌ ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ በመሆኑ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ምሳና እራት ሰዓታቸውን ጠብቀው ካልመጡ ስኳርን ያወርዳል። የምግብ ሰዓቱ ለማይታወቅ ጀልባ ነጂ፣ ባጃጅ ነጂ ወይም ነጋዴ፣ በመኝታ ሰዓት አንድ ጊዜ የሚወጋ ኤንፒኤች ከሜትፎርሚን ጋር ቢጀመርለት ለስሕተት የሚተወው ቦታ ይሰፋል። ግላርጂን የተባለው አዲሱ ኢንሱሊን ሌሊት ስኳርን የማውረድ ዕድሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ለአብዛኛው ዓይነት 2 ሕመምተኛ ግን ልዩነቱ የዋጋውን ያህል አይደለም።

ኤንፒኤች ከመቀዳቱ በፊት ብልቃጡ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ አሥር ጊዜ ያህል ይንከባለላል፤ አይናጥም። ወተት መስሎ እኩል ከደፈረሰ ደህና ነው፤ ነጭ ቅንጣት ከተንሳፈፈበት ወይም በብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፈ ይጣል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ አይረባም። የተከፈተው በቀዝቃዛ ጥላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ይቆያል። አንድ 10 ሚሊሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ስለሚይዝ፣ በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው ሳይጨርሰው ጊዜው ያልፍበታል፤ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ ቀላሉ መድኃኒት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ቤት፣ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብቶ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን በውኃ ማርጠብ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ኢንሱሊኑ በፌስታል ታስሮ በውስጠኛው ይቀመጣል። ዘዴው በደንብ የሚሠራው አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት በጣም የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። በክረምት ማቀዝቀዙ ይደክማል፣ ሙቀቱም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታትና መደናገር ከመጣ፣ ወይም ማሽኑ ከ70 በታች ካሳየ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወዲያው መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ጾም፦ ዓይነቱን መጾም ወይስ ሰዓቱን

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከእንስሳት ምግብ መከልከል ለስኳር ሕመምተኛ እምብዛም አደጋ የለውም፤ ሽሮውና ጎመኑ እንዲያውም ይስማሙታል፣ ፓስታና ዳቦ ካልበዛ። አደጋው ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን በሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል፤ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድና ስኳሩ የተረጋጋ ሰው ሰዓቱንም ሊችለው ይችላል፤ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን በሐኪም ሳይስተካከል ሰዓት መጾም የለበትም፣ ዓይነቱን ብቻ ቢጾም ይሻለዋል። በሥርዓቱ ለታመመ ሰው ጾም ስለሚቀልለት ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በረመዳንም ሕመምተኛ እንዲያፈጥር የተፈቀደ ነው፤ የሚጾም ከሆነ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ከበለጠ ወዲያው ማፍጠር አለበት። ለመለካት ጣት መውጋት ጾም አያፈርስም።

ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። ጉዳት የሚመጣው ወደ ገዳም ሲኬድ ኢንሱሊኑ ቤት ሲቀር ነው፤ ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ያለ ኢንሱሊን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። አብሽና ሽፈራው እንደ ምግብ ቢወሰዱ ክፋት የለውም፤ በክኒን ፋንታ ግን አይሆኑም።

እንቅስቃሴና ክትትል

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የሚለውን ለመፈጸም ባሕር ዳር ምቹ ከተማ ናት፤ ሜዳማ ናት፣ ብስክሌትም የለመደ ሕዝብ አላት። ከእራት በኋላ በሐይቁ ዳር የሚደረግ የ15 ደቂቃ እርምጃ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ስለሚቀንስ፣ ክፍያ ተከፍሎ ከሚተው ጂም ይሻላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ከእርምጃ ይልቅ ብስክሌትን ይምረጥ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባም ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ይልበስ፣ ማታም እግሩን ከታች ጭምር ይመልከት።

የት ልከታተል ለሚለው፣ ስኳሩ የተረጋጋና በክኒን ያለ ሰው በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ቢመርጥ ይሻላል፤ ሰልፉ አጭር ነው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነም ሪፈሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኢንሱሊን የጀመረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ዓይኑ፣ ኩላሊቱ ወይም እግሩ የተነካ ሰው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። የትም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን፣ የእግር፣ የኩላሊትና የቅባት ምርመራ መሠራቱን፣ ግፊቱም በየቀጠሮው መለካቱን ሕመምተኛው ራሱ ይቁጠር፤ ከስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹን የሚጎዳው ልብና ደም ሥር ነውና። ከደቅ ደሴት ወይም ከሩቅ ቀበሌ በጀልባ የሚመጣ ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲታዘዝለት ይጠይቅ፤ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረውም ለመምጣት ይነሣ።

ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ከከፍተኛ ስኳር ጋር ከመጣ ግን ሪፈርም ቀጠሮም አይጠበቅም። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነብልቃጡ ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።